ወሎን ከመጻፌ በፊት ጭላዳን መጻፍ ነበረብኝ

በ2011 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። «ስለ አካባቢያችሁ ሐይቆችና እንስሳት አጥንታችሁ አምጡ» ብዬ የሰጠሁትን የቤት ሥራ ሳርም ከ42 ወረቀት 30 ያህሉ ከአንድ ቦታ የተቀዳ ሆኖ አገኘሁት። ስለ ሐይቅ ከተማ የጻፉት ሁለት መስመር ተኩል ነው፤ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር አንድ ዓይነት። ከየት አመጣችሁት ብላቸው «ከውክፔዲያ» አሉኝ። ያፈረ አልነበረም።

ተወልጄ ያደግሁት ሐይቅ ነው። ልብስ ያጠብሁት፣ ዋና የተማርሁት፣ አባቴንም የቀበርሁት እዚያው ውሃ ዳር ነው። ሁለት መስመር ተኩል! እራት ሳልበላ ኮምፒውተሬን ከፈትሁና መለያ ስም አወጣሁ። ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል መዝገበ ዕውቀት መሆኑን ሰምቼ ነበር። የአማርኛው ክፍል መጣጥፎች ወደ 15 ሺህ ገደማ ብቻ እንደሆኑ፣ የእንግሊዝኛው ግን ወደ 6 ሚሊዮን እንደሚጠጉ ያን ዕለት ሳነብ ቁጭቴ ባሰ። ቁጭት ጥሩ ማገዶ ነው፤ ቶሎ ይነድዳል። ወጥ ማረሩን የምታውቁት ግን ሽታው ሲመጣ ነው።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ምሽት ወዲህ እኔ ያጣሁትን እንቅልፍ ሌላ ሰው እንዳያጣ ብዬ ነው። በበጎ ፈቃድ መጻፍ ለምታስቡ ሁሉ፣ በተለይም የትውልድ ቀያችሁን ለማስተዋወቅ ለምትቸኩሉ።

ሦስት ሌሊት ሠራሁ። «ጻፍሁ» ማለት ይከብደኛል፤ ግማሹን ከአንድ መጽሐፍ ገለበጥሁት፣ ግማሹን ከልቤ አፈሰስሁት። መክፈቻዬ ዛሬም በቃሌ አለ፦ «ውቢቷ ኃይቅ በምድረ ኢትዮጵያ አቻ ያልተገኘላት፣ እስላምና ክርስቲያኑ ተዋዶ የሚኖርባት የፍቅር ማኅደር ናት።» እያንዳንዱ ለውጥ የሚመዘገብበትን የገጹን ታሪክ ብከፍት ያስገባሁት ጽሑፍ 27 ሺህ ባይት መሆኑን ይነግረኛል። ለባልደረቦቼ በሻይ ሰዓት አወራሁት። አንዱ የአማርኛ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ የሦስት ባይት ቦታ እንደሚይዝ፣ የእኔ 27 ሺህም በፊደል ቢቆጠር 9 ሺህ ገደማ ብቻ እንደሆነ ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በአራተኛው ቀን ብከፍተው ሁለት መስመር ተኩል ሆኖ ጠበቀኝ።

ያነሳው ሰው ምክንያቱን በታሪክ ገጹ ላይ በአጭሩ አስፍሮት ነበር፦ ከመጽሐፍ የተገለበጠ፣ ምንጭ የሌለው፣ ውዳሴ የበዛበት። ሦስቱም እውነት ነበሩ፤ ያን ዕለት ግን ሦስቱም ስድብ ሆነው ተሰሙኝ። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። እኔ የገለበጥሁባቸው ደራሲ ደግሞ በሕይወት ያሉ ሰው ናቸው። ውክፔዲያ ላይ የሰፈረ ጽሑፍ፣ የጸሐፊዎቹን ድርሻ እስከጠቀሰና በዚያው ፈቃድ እስካሰራጨው ድረስ፣ ማንም ወስዶ እንዲያሻሽለው፣ ቢፈልግ እንዲሸጠውም የተለቀቀ ነው። ስለዚህ የሰው መጽሐፍ እዚያ መገልበጥ የጎረቤትን በግ ሰኞ ገበያ አውጥቶ በነጻ እንደማደል ነው። በጉ የእኔ አልነበረም።

ያዳነኝ ዘዴ ቀላል ነው። መጽሐፉን አንብቡና ክደኑት። ቡና አፍሉ። ከዚያ በጭንቅላታችሁ የቀረውን በራሳችሁ ቃል ጻፉ፤ በመጨረሻ መጽሐፉን ገልጣችሁ ስሙን፣ ዓመቱንና ቁጥሩን ብቻ አመሳክሩ። የገጹን ቁጥር ያን ጊዜውኑ መዝግቡ። «በኋላ እፈልገዋለሁ» ያልሁትን ገጽ ፍለጋ ሁለት ቅዳሜ ያቃጠልሁበት ጊዜ አለ።

ውዳሴውን መተው ግን ከሁሉ ከበደኝ። ዛሬ የዚያ ጽሑፍ መክፈቻ እንዲህ ነው፦ «ሐይቅ በደቡብ ወሎ ዞን የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች።» የሚያሞግስ አንድም ቃል የለበትም። መጀመሪያ ስጽፈው አፌ ውስጥ አመድ አመድ አለኝ። አገሬን የከዳሁ መሰለኝ። ከዓመት በኋላ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን አድርጌ ሳነብ ግን ገባኝ፤ ሐይቅን አይቶ የማያውቅ የጅማ ልጅ ከሁለተኛው ከተማዋ የት እንዳለች ያውቃል፤ ከመጀመሪያው የሚያውቀው እኔ እንደምወዳት ብቻ ነው። ለዚያ ልጅ የእኔ ፍቅር ምን ያደርግለታል?

ይህ ማስተዋል ግን ቶሎ አልመጣም። ከመምጣቱ በፊት ጦርነት ገባሁ።

ጽሑፉን አሳጥሬ፣ ምንጭ ጨምሬ መለስሁት። በማግስቱ አንድ ሰው በርዕሱና በውስጡ ያለውን «ኃይቅ» ሁሉ «ሐይቅ» አድርጎት አገኘሁ። መለስሁት። መለሰው። ደግሜ መለስሁት። በአንድ ሌሊት ብቻ 9 ጊዜ ሆነ። በየመሐሉ ገጹን እያደስሁ እጠብቃለሁ፤ ቡናው ገንፍሎ ምድጃውን አጥፍቶታል፤ ከመስጊዱ የሱብሂ አዛን ተሰማ። ባለቤቴ ነቅቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?»

«ከማላውቀው ሰው ጋር።»

«በምን?»

«በሐ።»

ምንም ሳይል ተመልሶ ተኛ። ያን ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ ሴል ክፍፍል ሳስተምር ሰሌዳው ላይ የጻፍሁትን ራሴ ማንበብ አቃተኝ። ማታ ስመለስ ለሦስት ቀን እንዳልጽፍ ታግጃለሁ።

እጄ ሲታሰር ዓይኔ ተከፈተ ልበል? መጻፍ ስለማልችል ማንበብ ጀመርሁ። ለካ እያንዳንዱ መጣጥፍ ከጀርባው የውይይት ገጽ አለው። ያ ሰው ገና ከመጀመሪያው ለውጡ በፊት እዚያ ላይ በትሕትና፣ «እርስዎ» እያለ፣ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ቃሉን በሐመሩ ሐ እንደሚጽፈው፣ ትርጉሙም የውሃ ዳር እንደሆነ ከነገጽ ቁጥሩ አስረድቶ «አስተያየትዎን እጠብቃለሁ» ብሎ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የትውልድ ከተማዬን ስም በብዙኃኑ ኀ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ገጹ መኖሩንም አላውቅም ነበር፤ እሱ ሲያናግር የከረመው ግድግዳ ነው።

ስለዚህ አደራ፣ የጻፋችሁትን ሰው ሲያነሳው በመጀመሪያው ጊዜ እጃችሁን ሰብስቡ። የውይይት ገጹን ክፈቱ፤ ለምን እንደጻፋችሁ በሁለት መስመር አስረዱ፤ ጠብቁ። በአማርኛው በኩል የሚሠሩት ጥቂት ሰዎች ስለሆኑ መልሱ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ሳምንት ምንም አይደለም። በእንግሊዝኛው ክፍል አንድን ገጽ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ ወደ ኋላ መመለስ ያሳግዳል፤ ያንን ቁጥር የአማርኛ ጸሐፊም በልቡ ቢይዘው አይጎዳም። የጠፋ ነገርም የለም፦ እያንዳንዱ ቅጂ በታሪክ ገጹ ውስጥ ተቀምጧል፤ የእኔ 27 ሺህ ባይት እንኳ ተመዝግቦ ይቀራል። ሌሊት የሚያስነሳ ነገር የለም ለማለት ነው።

የሐ ነገር የተፈታው በጣም በቀላሉ ነው። ዋናው ጽሑፍ «ሐይቅ» በሚለው ስም ተቀመጠ፤ «ኃይቅ»፣ «ሀይቅ»፣ «ሃይቅ» ብሎ የሚፈልግ ሰውም ወደዚያው እንዲመራ ባዶ ገጾች ተከፈቱ። ሀሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ፣ እሳቱ፣ ንጉሡ፣ ሁለቱ ጸ፣ ሁለቱ አ ባሉበት ቋንቋ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። አዲስ ጽሑፍ ከመክፈታችሁ በፊት ስሙን በሁሉም ፊደል ፈልጉት። እኔ ሳላውቅ ሁለተኛ ቅጂ የከፈትሁላቸው ርዕሶች አሉ።

ከሁሉ የከፋው ስህተቴ ግን ማንም ያላነሳው ነው።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የታሪክ መምህሩ የፈተና ወረቀት ይዞ ወደ መምህራን ማረፊያ ገባና ከፊቴ አስቀመጠው። «የሰገሌ ጦርነት መቼ ተካሄደ?» ለሚለው ጥያቄ ሦስት ተማሪዎች «በ1908 ዓ.ም.» ብለው መልሰዋል። «ሦስቱም ከአንድ ቦታ ነው ያነበብነው አሉኝ» አለ። ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ ያ ባሰኝ። ወራት ቀደም ብሎ ስለ ንጉሥ ሚካኤል ከእንግሊዝኛ እየተረጎምሁ ጽፌ ነበር። እንግሊዝኛው 1916 ይላል፤ እኔ 8 ቀንሼ 1908 አልሁ። በቃ።

ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳው ላይ አሳየኝ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ በእኛና በፈረንጆቹ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ የፈረንጆቹ ጥር ከገባ ጀምሮ እስከ ጳጉሜን 8 ይሆናል። ሰገሌ የተካሄደው እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ጥቅምት 27 ቀን 1916 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱት በዚያው ዓመት በመስቀል ዕለት መሆኑን እያንዳንዱ ደሴዬ ያውቃል፤ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ወደ ሸዋ የዘመቱት በዚያ ምክንያት ነው። በእኔ ስሌት ግን አባትየው ልጃቸው ከመውረዳቸው አንድ ዓመት ቀድመው ተዋግተውላቸዋል። «ይህን እንኳ አላየሽም?» አለኝ። አላየሁም። ተርጓሚ ሆኜ እንጂ አንባቢ ሆኜ አልጻፍሁም።

ሌላም ጨመረልኝ። ቀን ስትቀይሩ ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት የነበረው ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንሳል፤ እነሱ 1900ን እንደ ሠግር ዓመት (366 ቀን እንዳለው) ስላልቆጠሩት ነው ልዩነቱ የሰፋው። የውጫሌ ውል የተፈረመው በእነሱ ሜይ 2 ቀን 1889፣ በእኛ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ በዛሬው ልዩነት ያሰላ ሰው ሚያዝያ 24 ያመጣል። ውጫሌ ከትውልድ ከተማዬ በመኪና ቅርብ ናት። እዚህ ተወልጄ ይህን አላውቅም ነበር።

ያን ሦስት ልጆች ማርክ ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ። መምህር ሆኜ። የአማርኛው መዝገበ ዕውቀት አራሚዎች ጥቂት ናቸው ስል ይህን ማለቴ ነው፤ ስለ ፊደል ሌሊቱን ስንፋለም ያደርን ሰዎች ሰገሌን ለወራት አላየነውም። እና እባካችሁ፣ ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን ወይ ዓ.ም. ወይ እ.ኤ.አ. ሳትጽፉ አትለፉ። ብቻውን የቆመ ቁጥር ወጥመድ ነው። የሕዝብ ቁጥርም እንዲሁ፦ «በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መሠረት» ካልተባለ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ወሬ ነው።

ለሁለት ወር ምንም አልጻፍሁም። ስመለስ አንድ ነገር ወሰንሁ፤ የማይመለከተኝን እጽፋለሁ። ሐይቅን ተውሁ፣ ንጉሥ ሚካኤልን ተውሁ፣ ወሎ የሚለውን ገጽ ጨርሶ ላልነካ ማልሁ። ጭላዳ ዝንጀሮን ያዝሁ።

ስለ ጭላዳ የሚከራከር ሰው የለም። ከዓለም በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ይኖራል፤ ዋና ምግቡ ሣር ነው፤ ደረቱ ላይ ቀይ ገላጣ ቆዳ አለው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ ያለው «ጌላዳ» ከእኛው ቃል የተወሰደ ነው። በደቡብ ወሎ ቦረና ሳይንት ተማሪዎቼን ወስጄ በዓይኔ አይቸዋለሁ፤ ያየሁትን ግን አልጻፍሁም፤ የታተመውን ብቻ ጻፍሁ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «ይህን ማን አለ?» ብዬ እየጠየቅሁ፣ መልስ ያጣሁበትን እየሰረዝሁ። ሳምንት ፈጀ። ማንም አላነሳውም። አንድ ሰው መጥቶ የፊደል ግድፈት አርሞልኝ ሄደ፤ ያ ሰው የሐ ሰው ነበር። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አልደብቅም።

ከዚያ ወዲያ ለአንድ ዓመት ያህል ጥቃቅን ሥራ ብቻ ሠራሁ፤ ከሁሉ የተማርሁትም በዚያ ነው። ብዙ ጸሐፊ አራት ነጥብ ለማስገባት ሁለት ነጥቧን ሁለቴ ይመታል። አንባቢ ዓይን ላይ ይመሳሰላል፤ ኮምፒውተሩ ግን እንደ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ አያውቀውም፤ የፈረንጇ (:) ከሆነችና በመስመር መጀመሪያ ላይ ከዋለች ደግሞ ጽሑፉን ወደ ውስጥ ትገፋዋለች። እነዚያን እየለቀምሁ «።» አደረግሁ። ባቲ የሰኞ ገበያዋ የታወቀ ከተማ ናት፤ ባቲ ቅኝትም ነው። አምባሰል ተራራውም፣ ወረዳውም፣ ቅኝቱም ነው። ስለ አንድ ዘፋኝ የተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ «በባቲ የተጫወተው» የሚለውን ቃል ብጫነው ወደ ከተማዋ ወሰደኝ፤ ሰውየው ገበያ መሐል ቆሞ የዘፈነ ይመስላል። እነዚህን መለየት ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ የሆነ ሥራ ነው። ጀማሪ ብትሆኑ ከዚህ ጀምሩ። ማንም አያመሰግናችሁም፤ ማንም አይጣላችሁምም።

ከማሽን ትርጉም ተጠንቀቁ። ሰነፍ ብሆን ብዬ አንድ ቀን ሞክሬው ንጉሥ ሚካኤልን «ኪንግ ማይክል» አድርጎ አመጣልኝ። ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ እኔው ባላነብበው ኖሮ ስንት ልጅ ፈተና ላይ ይጽፈው እንደነበር አሰብሁ።

በመካከሉ አንድ የሆቴል ባለቤት አፈላልጎ አገኘኝ። ሆቴሉ የት እንዳለ አልናገርም። ስለ ሆቴሉ «ቆንጆ አድርገሽ» ብጽፍለት ከደመወዜ ግማሽ የሚሆን ገንዘብ አቀረበልኝ። እውነቱን ልናገር፣ አንድ ሌሊት አሰብሁበት። ተከፍሎት የሚጽፍ ሰው ማን እንደከፈለው በግልጽ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ስለ ሆቴሉም ሌላ ሰው በራሱ ተነሳስቶ ጽፎ ያሳተመው፣ ምንጭ የሚሆን አንድም ነገር አልነበረም። አልችልም አልሁት። ተቀየመኝ። የራስን ሥራ፣ የራስን አለቃ፣ የዘመድን ድርጅት መጻፍም ያው ነው፤ ባይከፈላችሁም እጃችሁ ይንቀጠቀጣል።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። ሸሽተን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ከረምን። ተመልሰን ቤታችንን እንደምንም ካስተካከልን በኋላ ሌሊት ሌሊት ኮምፒውተሩ ይጠራኝ ጀመር፤ ያየሁትን ልጽፍ፣ ሌላው የጻፈውን ልሰርዝ። ሁለት ጊዜ ገጹን ከፍቼ ዘጋሁት። ስለ ሐ 9 ጊዜ የተመላለስሁ ሴት በዚያ ገጽ ላይ ምን ልሆን እንደምችል አውቀዋለሁ። ደብተር ገዛሁና ያየሁትን እዚያ ጻፍሁት፤ የእኔ ነው፣ ምንጭም አይፈልግም፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ቁስላችሁ ያልደረቀበትን ርዕስ ለሌላ ሰው ተዉት። ይህን ምክር ከሁሉ በላይ የምመክረው እኔው ልጥሰው ትንሽ ስለቀረኝ ነው።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠና ለወራት ቆየ። መጀመሪያ እንደታሰርሁ ተሰማኝ። ከዚያ ያለ ኢንተርኔት በኮምፒውተር ላይ መጻፍ ጀመርሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ፣ በደብተር እቀዳለሁ፣ ማታ አርማለሁ። የጻፍሁትን ወዲያው መስቀል ስለማልችል ደጋግሜ አነበብሁት፤ ባነበብሁት ቁጥር አጠረ። በኋላ ለሠርግ አዲስ አበባ ስሄድ በፍላሽ ይዤ የሰቀልኋቸው አራት ጽሑፎች እስከዛሬ ከጻፍኋቸው ሁሉ የተሻሉ ናቸው። ዛሬ ኢንተርኔት እያለም አንድ ጽሑፍ ቢያንስ ሳምንት ሳያድር አላወጣውም። ጊዜዬንም ወሰንሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ። ባለቤቴ ይህችን ደንብ ከትዳራችን ውል እኩል ነው የሚያያት።

አሁን ስድስት ተማሪዎች አብረውኝ ይሠራሉ። አንድ ደንብ ብቻ አውጥቼላቸዋለሁ፦ በመጀመሪያው ዓመት ስለተወለዱበት ቦታ መጻፍ ክልክል ነው። ከኩታበር የመጣው ልጅ በዚህ አኩርፎኛል። «ታዲያ ምን ልጻፍ?» ሲለኝ 20 የተበላሹ አራት ነጥቦች ፈልጎ እንዲያስተካክል ሰጠሁት። እያጉረመረመ 60 አስተካከለ።

ወደ ሐይቅ የተመለስሁት ከአራት ዓመት በላይ ቆይቼ ነው። የእናቴ ወንድም ሼህ ናቸው፤ ስለ ሐይቁ አፈጣጠር እሳቸውን የሚያህል ተራኪ አላውቅም። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት የመኳንንት ልጅ ተበድላ አለቀሰች፤ ፈጣሪ ተቆጣ፤ ዙሪያው ሁሉ በውሃ ተዋጠ፤ ሴትየዋ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ቀረ። ያ ደረቅ ቦታ፣ ይላሉ አጎቴ፣ ዛሬ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው። የመስጊድ ሰው ሆነው የገዳሙን ተረት እንደራሳቸው ርስት ነው የሚናገሩት፤ ወሎ ነውና ማንም አይገረምም።

በፊት ቢሆን በድምፅ ቀድቼ እንዳለ አስገባው ነበር። ግን እኔ የቀዳሁት፣ ሌላ ቦታ ያልታተመ ነገር እዚያ አይገባም፤ አንባቢ ሄዶ የሚያመሳክርበት የለውምና። ይህ የቃል ታሪክ በበዛበት አገር ያማል፤ አልክድም። መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው ተረቱ ታትሞ እንደሆነ መፈለግ ነው፤ እኔ ደሴ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በአንድ መጽሐፍ አገኘሁት፣ ከአጎቴ አነጋገር ጥቂት ቢለይም። ሁለተኛው አዛውንቶቻችሁን ተረትና ቃል ግጥም ከሚሰበስቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ማገናኘት ነው፤ ጥናታቸው ሲታተም ምንጭ ይሆናል። አጎቴን ሁለት ተማሪዎች መጥተው ቀድተዋቸዋል።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ ገዳም ማስተማራቸውን እንደ ታሪክ፣ የነፍሰ ጡሯን ነገር እንደ አፈ ታሪክ ለይቼ ጻፍሁ። ባለፈው ዓረፋ ሐይቅ ስሄድ ስልኬን ከፍቼ ለአጎቴ አነበብሁላቸው፦ «በአካባቢው እንደሚነገረው…»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉኝ እጃቸውን አንስተው። «‹እንደሚነገረው› ትያለሽ እንዴ? እኔ አይደለሁ የነገርሁሽ?»

«የሚጠቀሰው መጽሐፉ ነው፣ አጎቴ።»

«መጽሐፉን የጻፈውስ ሰውዬ ከማን ሰማው?» አሉና ስኒያቸውን ለሁለተኛው እንድቀዳላቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።